ፍሬኑ ነው ወይስ የአማቱ እጅ

መካኒኩ ብሎን ሲያጠብቅ የእጁ ጉልበት አይበቃውም። የቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ይሰካና ይቆምበታል፤ አንድ ሁለቴም ይዘልበታል። «እኔ ያሰርኩትን ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም» እያለ ሲኩራራ ለሰሚው ያሰረው ጎማ ሳይሆን የባንክ ካዝና ይመስላል።

የአማቱን መኪና የፊት ፍሬን ዲስክና ሸራ ቀይሮ ጎማዎቹን ሲያስርም እንዲሁ ቧንቧው ላይ ዘለለ። አማቱ በሳምንቱ ተመለሱ። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል» አሉ። እሱ ግቢውን አንዴ በእግረኛ ፍጥነት ዞረና ምንም የለውም አለ። እንደገና መመርመር ነበረበት፤ ግን ሙያው ስለተነካበት፣ ልጆቻቸው ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «መኪናው ደህና ነው። የሚንቀጠቀጠው የእማማ እጅ ነው» ብሎ አረፈው።

ልጆቹ ይቺን ሲጠብቁ ነበር። እናታቸው በሰባ ዓመታቸው መኪና መንዳታቸው ድሮም አልተዋጠላቸውም። ወዲያው ገዢ ተፈልጎ ተገኘ። አማትየው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት ለመውጣት ከልጆቻቸው አንዱ እንዲያደርሳቸው መለመን ሆነ ሥራቸው።

መኪናውን ለገዢው እንዲያደርስ የተላከው ራሱ መካኒኩ ነው። ረጅሙን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ያዘ። መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ። «የእኔም እጅ አረጀ እንዴ?» አለ ብቻውን።

ዳር ይዞ ቆመ። ብሎኖቹን ሲታገል ሦስቱ እሺ አሉ፤ ሁለቱ ግን ከእጁ የማይለየው ያ ቧንቧ እስኪሰካ ንቅንቅ አላሉም። ያኔ ገባው። አንዱን ከልክ በላይ፣ ሌላውን በመጠኑ እያጠበቀ አዲሱ ዲስክ እኩል እንዳይቀመጥ አዝምሞት ኖሯል። በላብ ተጠምቆ የሁለቱንም የፊት ጎማ ብሎኖች አላላ፤ ከዚያ በአጭር ቁልፍ፣ አንዱን እያለፈ፣ ጥቂት በጥቂት እኩል አጠበቃቸው። ዳገቱን ወጥቶ እንደገና ወረደ። መሪው ጭጭ አለ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ገዢው ይደሰታል፣ የእሱም ስም ይተርፋል። ትንሽ አሰበበት፤ ራሱን አፉ እስኪደክም ሰደበና መኪናውን አዙሮ አማቱ ቤት ሄደ።

«እማማ፣ የእርስዎ እጅ አይደለም። የእኔ እግር ነው» ብሎ ሁሉንም ነገራቸው። አፍሮ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

አማትየው ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ።

«ለእኔ ብቻ ነግረህ አትገላገልም» አሉ፣ ቁልፉን ከእጁ እየወሰዱ። «አራቱም ልጆቼ ቤት እየዞርን ትነግራቸዋለህ። በል ግባ፤ የምነዳው እኔ ነኝ።»