በፈቃዷ ለቀቀች

የሻረግን ስንት ዓመት ሙሉ አንቱ ብያታለሁ። ዛሬ ግን ወሬዋን ሳወራ አንቱታው ከአፌ አይወጣም። ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ የጽዳት አለቃዬ ነበረች። የልጄ የሰሎሜ ክርስትና እናት፣ አበልጄም ናት።

አንድ ቀን ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጠራችኝና በሩን ዘጋችው።

«ጸዳለ፣ ሰው ሊቀንሱ ነው። ያንቺም ስም አለበት» አለችኝ። «ሳይቀድሙሽ ልቀቂ። ተባረረች ከምትባዪ፣ በፈቃዷ ለቀቀች ብትባዪ አይሻልም? ለሚቀጥለው አሠሪሽ ጥሩ ሪፈረንስ እሰጥሻለሁ።»

«እትዬ፣ ሥራ እስካገኝ መንግሥት የሚሰጠውን ቤኔፊት አፕላይ ባደርግስ?»

«እሱማ መብትሽ ነው። በፈቃዴ ለቀቅኩ በያቸው፣ ኮራ ብለሽ።»

መባረር እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሰርቃ ይሆናል ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ቀና ብሎ አያይሽም። ስሜን ያዳነችልኝ መስሎኝ እጇን ሳምኩ፤ መልቀቂያዬንም አስገባሁ። ያ መሳም እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤኔፊቱን ልጠይቅ ጆብ ሴንተር ስሄድ፣ እዚያ ያለችው አማካሪ ሥራ ለምን እንዳቆምኩ ስትጠይቀኝ፣ በዚያ በእንግሊዝኛዬ፣ እንደተባልኩት ኮራ ብዬ መለስኩ። ሴትዮዋ መጻፏን ተወችና አየችኝ።

«ልቀቂ ያለሽ ሰው የለም?»

የአበልጄን ስም መጥራት እሷን ማሳጣት መሰለኝ። «የለም» አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃዱ ሥራ የለቀቀ ሰው እስከ ስድስት ወር ገንዘቡን ሊከለከል እንደሚችል የነገረችኝ። ደነገጥኩ። እውነቱን አወጣሁት፤ ሊቀንሱኝ እንደነበር፣ አለቃዬ ልቀቂ እንዳለችኝ።

«እንግዲያው አሠሪሽን እንጠይቃለን» አለች።

ልቤ መለስ አለ። የሻረግ እያለች ምን እሆናለሁ? አንድ ቃል ብትናገርልኝ በቂ ነው ብዬ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አማካሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አለቃሽ፣ እንድትቀር ለምኛት ነበር ብላለች» አለችኝ። «የሚቀነስ ሰውም አልነበረም ብላለች።» ገንዘቡ ተከለከለ።

እንደወጣሁ አብራኝ ትሠራ ለነበረችው ለናዲራ ደወልኩ።

«ኧረ ማንም አልተቀነሰ» አለችኝ። «ያንቺን ሺፍት እኮ የየሻረግ የእህት ልጅ ይዛዋለች። ሳይነግሩሽ ነው?»

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሥራውንስ ሌላ አገኛለሁ። ያቃጠለኝ፣ ልጄን ክርስትና ያነሳች ሴት በሩን ዘግታ እንዲህ ስትመክረኝ ዓይኗን እንኳ አለመስበሯ ነው።

እሑድ ቅዳሴ ላይ የሻረግ እንደ ልማዷ ሰሎሜን ልታቆርብ መጣች። «ነይ የኔ ልጅ» ብላ እጇን ዘረጋች። ልጄን ወደ ነጠላዬ ሳብኳት።

«ምነው ጸዳለ? ልጄን ልትከለክዪኝ ነው?»

«እኔ ምን ብዬ» አልኳት። «እንድትቀር ለምኛት ነበር። በፈቃዷ ለቀቀች።»