ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድግግሞሾች

እኔ ሥራዬ ማስተባበር ነው። ሲጠሩት ያምራል። የጤናው መሥሪያ ቤት እናቶችን ያዋልዳል፣ ሕፃናትን ይከትባል፤ የትምህርቱ መዋዕለ ሕፃናት ያስገባል፤ የማኅበራዊ ጉዳዩ ደግሞ ወላጅ ለሥራ ሲወጣ ጨቅላ የሚውልበትን ማቆያ ያስተዳድራል። እኔ መሀል ተቀምጬ ሦስቱን አስማማለሁ። የተኳረፉ ሦስት ምራቶች ያሏት አማት ማለት እኔ ነኝ። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም፣ አንዱ የጠየቀውን ሌላው ደግሞ ይጠይቃል። አንዲት እናት "ስንት ጊዜ ነው የልጄን የልደት ቀን የምትጠይቁኝ? እስካሁን አልተቀየረም እኮ" ብላኛለች። እውነቷን ነው።

አምና ምርር ሲለኝ ሦስቱን መዝገብ አንድ ላደርግ ተነሳሁ። ያስቸገረኝ የልጆቹ ስም ነበር። ጤና ጣቢያ የተጻፈው ሌላ፣ ቤት የሚጠሩበት ሌላ፣ መዋዕለ ሕፃናት የተመዘገበው ሌላ። በስም ብሄድ አንዱ ልጅ ሦስት ሆኖ ሊቆጠር ነው። ስለዚህ የልጁን ስም ተውኩና በእናት ስም፣ በቤት ቁጥርና በልደት ቀን አስተያየሁ። ሦስቱ ከገጠሙ አንድ ልጅ ነው ብዬ አንዱን መስመር አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድግግሞሽ ወጣ። በዚያ ልክ ቦታ ተገኘና በር ላይ ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ገቡ።

ኃላፊዬ ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም፤ ክራቫቱ ግን ትልቅ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ አስነስቶ አስጨበጨበልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ምን ይዋሻል፣ ቤት ገብቼ ለባሌ ሁለቴ ነው የነገርኩት። "ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፣ ይሰረዝ" አለኝ።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው መምህርት ሃያ ዓመት ያስተማረች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ ስላለች የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ልጅቷ አንድ ቀን እስከ ሃያ ትቆጥራለች፣ በማግስቱ አምስት ላይ ስትደርስ ይጠፋታል። አንድ ቀን በቀኝ እጇ ትስላለች፣ በማግስቱ በግራ። አንድ ቀን ክፍሉን ታተራምሰዋለች፣ በማግስቱ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። "እንዲህ ያለ ልጅ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሐሳብ ገብቶኛል" ይላል መጨረሻው።

ሦስቱን መሥሪያ ቤቶች ጠራሁ። ሰዓት ላይ እንኳ ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች ጠረጴዛዬን ከበቡ። የጤናዋ ነርስ "ጆሮዋ ይመርመር፣ የምትሰማው እየተቆራረጠ ይሆናል" አለች። የትምህርቱ ሰውዬ "ገና አልደረሰችም" አለ። የማኅበራዊ ጉዳይዋ "ቤት ውስጥ የሚያስፈራት ነገር አለ" አለች። ሲከራከሩ ቆይተው ልጅቷ ዘንድሮ ከመዋዕለ ሕፃናት እንድትወጣና በሳምንት ሁለት ቀን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ወዳለው መመርመሪያ እንድትመላለስ ወሰኑ። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ማኅተም አረፈ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ፣ የእኛ ድር አብሮ አብሮ ሕፃን አሰረ። ይህን ያልኩት በኋላ ነው እንጂ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ወረቀት በፖስታ አይላክም ብዬ ራሴ ይዤው ወጣሁ። መንገዴ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ክፍሏ ጎራ አልኩና ልጅቷን በመስኮት አየኋት። ሁለት ጉንጉን፣ ፍንጭት ጥርስ። ከጓደኛዋ ላይ እርሳስ እየቀማች ነበር፤ የመተራመሱ ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢው የኪራይ ቤቶች የተደረደሩበት ነው፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ቀለም፣ ገመዱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ልብስ ተሰጥቷል።

እናቲቱ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ ያን ቀን ከሰዓት ነበር የምትገባው። ወረቀቱን ስታይ በሩን እንደያዘች ቀረች። "አይዞሽ እህቴ፣ ስለ ልጅሽ ነው" ብዬ አለፍኩና ገባሁ። ክው አልኩ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ትስላለች። ሁለት ጉንጉን፣ ፍንጭት ጥርስ።

"ይህቺ ማናት?" አልኩ።

"ልጄ ናት።"

"አሁን ክፍል ውስጥ ያየኋትስ?"

በሩን ከኋላዬ ዘጋች። ከዚያ ቀስ ብላ "እሷም ልጄ ናት። መንታ ናቸው እኮ" አለችኝ።

አመዴ ቡን አለ። አንድ እናት፣ አንድ የቤት ቁጥር፣ አንድ የልደት ቀን።

እሷ ግን የፈራችው ለራሷ ነበር፤ ሁለቱም የሚባረሩባት መሰላት። ሳልጠይቃት ትናገር ጀመር። ጎረቤቷ አሮጊት ናቸው፤ "አንድ ልጅ አይልሻለሁ፣ ለሁለት ጉልበት የለኝም" ብለዋታል። መዋዕለ ሕፃናቱ ደግሞ የተጻፈችው አንዷ ብቻ ናት ብሎ አንዷን ብቻ ተቀበለ። ሁለቱንም ቤት ብታውል ሥራዋ ይቀራል፣ አንዷን ብትመርጥ ሌላዋ መሃይም ልትሆን ነው። "ስለዚህ እንደ ፋብሪካው በፈረቃ አደረግኳቸው" አለችኝ። ታናሿን በታላቋ ስም "አቤት" ማለት አስተማረቻት፤ ልጅቷም አልተሳሳተችም።

እኔ ጥፋተኛ ስሆን ነው የምቆጣው፤ ክፉ አመል ነው። "ታዲያ ለምን መጥተሽ አልተናገርሽም? አፍ የለሽም?" አልኳት።

"መጥቼ ነበር።"

"ማን ጋ?"

"እርስዎ ጋ።"

የያዝኩትን ወረቀት አጠፍኩት።

"ሰልፉ ረጅም ነበር" አለች፣ እንደ ማጽናናት እያደረጋት። "ደክሞዎት ነበር መሰለኝ። መዝገቡን አይተው 'ልጅሽ ገብታለች፣ ሌላ ምን ፈለግሽ?' አሉኝ። ሌላዋስ ስልዎት 'አንዴ ተመዝግባለች አልኩሽ፣ ሁለቴ ማስመዝገብ ያስጠይቃል' አሉኝ። እኔ መንግሥት ከመንታ አንዷን ብቻ የሚያስተምር መስሎኝ ነው የተመለስኩት። ሕግ ነው አልኩ።"

ፊቷን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጨርሶ አላስታወስኳትም። ንግግሩ ግን የራሴ ነበር። በዚያ ሰሞን ስንቱን እንደዚያ ብዬ መልሻለሁ። በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ስላት ደነገጠች፤ ከቢሮ ሰው ይቅርታ መስማት አልለመደችም። ወረቀቱን ቦርሳዬ ከተትኩና ወጣሁ።

በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄጄ የማዋለጃውን መዝገብ አስከፈትኩ። "መንታ፣ ሁለቱም ሴት" ይላል፣ በዚያችው "ጆሮዋ ይመርመር" ባለችው ነርስ እጅ ጽሑፍ። ማቆያው ሄድኩ፤ እዚያም ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ሁለት አልጋ ይዘው ኖረዋል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ለየብቻቸው ያውቋቸው ነበር። አንዷ የጠፋችው እኔ ሳስተባብራቸው ነው።

ኃላፊዬ ነገሩን ሲሰማ ክራቫቱን አላላ። "ሪፖርቱ እኮ ወደ ላይ ሄዷል" አለኝ።

"ይመለሳ።"

"ቦታዎቹም ለሌሎች ተሰጥተዋል። ምን ሊባል ነው?"

"የገባ ልጅ አይወጣም። የተሰረዘውም ይገባል። ተሳስታለች ተብሎ ስሜ ይጻፍ፤ ስታስጨበጭብልኝ በስሜ አልነበር?"

ክራቫቱን መልሶ አጠበቀና "ደብዳቤውን ያርቅቁትና ያምጡልኝ" አለ። ደግ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ቤት ለቤት ስለቅም ከረምኩ። ሃያ ሰባቱ ሕፃናት ሆነው ተገኙ። አንዲት እናት ልጇን ለማሳየት ከእንቅልፉ ቀስቅሳ አመጣችልኝ፤ እንዳለ እንዳምናት።

የመጀመሪያዋ ግን የእኛዋ ታናሽ ነበረች። መምህርቷ ነገሩን ስነግራት፣ "ሁለት ወር ሙሉ ዐይኔ ሥር ነበሩ" አለች። ከዚያ ክፍሉ አርባ ወንበር ብቻ እንዳለው ነገረችኝና "የእኔን እሰጣታለሁ፣ ድሮስ መቼ ተቀምጬበት አውቃለሁ" አለች። ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናቲቱ ሁለቱንም ግራና ቀኝ ይዛ መጣች፣ በር ድረስ አድርሳ ወደ ሥራዋ ሮጠች። እኔ ግን ቢሮ መሄዱ ጠፋኝ፤ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። መምህርቷ ስም ትጠራ ጀመር። ታላቋ ጋ ስትደርስ ከሁለት ቦታ "አቤት" ተባለ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። አርባውን ጨርሳ መጨረሻ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩትን የታናሿን ስም ጠራች።

መልስ የለም።

ደግማ ጠራች። ታናሿ እህቷን አየች፣ መምህርቷን አየች፣ ከዚያ ከትልቁ ወንበር ላይ ተንሸራትታ ወረደች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ መጣች።

"ወዴት ነው የኔ እናት?" አልኳት።

"ቤት።"

"ለምን? ስምሽ እኮ ነው የተጠራው።"

ትልቅ ሰው ሆኜ ይህ ሳይገባኝ በመቅረቱ ያዘነችልኝ መሰለኝ። ልታልፍ ቀሚሴን ገፋ አደረገች።

"ዛሬ የእሷ ተራ ነው" አለችኝ።