በግራ በኩል ያለው ጭጋግ

ወንድሜ ኔዚር ከጦርነቱ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት የአእምሮ ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰደኝና አንድ ነገር አስተማረኝ። «ሰው የማያየውን አየሁ ሲልዎት አይከራከሩት። አዎ፣ እኔም አየሁ ብለውም አይዋሹት። እኔ አይታየኝም፤ አንተ ግን እንደሚታይህ አምናለሁ፣ ይበሉት» አለኝ።

ሠራ። ኔዚር ከጓሮው ፖም ዛፍ ሥር ወታደሮች ቆመዋል ሲለኝ፣ ማንኪያዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «እኔ አይታየኝም፤ አንተ ግን እንደሚታይህ አምናለሁ። በል ሾርባህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ» እላለሁ። እሱም ይጠጣል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። እንዲያውም ኮራሁበትና በምንኖርበት በላሽቫ ሸለቆ እንዲህ ያለ ባል ወይም ልጅ ላላቸው ሴቶች ሁሉ አስተማሪ ሆኜ አረፍኩት።

ኔዚር በጦርነቱ ቃፊር ነበር። ሦስት ዓመት ከኮረብታው አናት በረዶ ላይ ተኝቶ ማዶውን ሲጠብቅ ኖሯል። ጓዶቹ «የኔዚር ዓይን ካለ እኛ እንተኛለን» ይሉ ነበር። ጭጋግ የወረደ ለታ ግን ዓይኑ ምንም አልፈየደም፤ ጠላት በግራ በኩል ገብቶ ሰባት ጓዶቹን ጨረሰ።

ስለዚህ ካቻምና የፕሪም ለቀማ እንዳለቀ «እትዬ፣ በግራ በኩል ጭጋግ ገብቷል» ሲለኝ፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ የማውቅ መሰለኝ።

«በግራ ብቻ?» አልኩት ለወጉ ያህል።

«በግራ ብቻ። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ብልጥ ነው።»

«እኔ አይታየኝም፤ አንተ ግን እንደሚታይህ አምናለሁ።»

ከዚያ የበሩን መቃን በግንባሩ መታው፤ ጭጋጉ ገፋኝ አለ። በግራው ያስቀመጥኩለትን ዳቦ አጥቶ «ማን በላብኝ?» ብሎ ጮኸ። የአእምሮ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ሁሉን ሰማና የሚወጋውን የመርፌ መድኃኒት መጠን ጨመረለት። ኔዚር ጭጋጉ ሰፋ ባለኝ ቁጥር እኔ ያችኑ ዓረፍተ ነገር እደግማለሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ! አሁን ሳስበው ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል።

አንድ ቀን በጋለው የብረት ምድጃ ላይ መዳፉን ዘርግቶ አሳረፈ። ቁስሉን ልታሽግ የመጣችው የመንደራችን ነርስ ቤሂያ ሥራዋን ሳትጨርስ ቀና አለችና ጣቷን በግራ ዓይኑ ፊት አወዛወዘች። አልተርገበገበም።

«ዙምራ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አያይም!»

«ጭጋግ ነው የሚለው…»

«ታዲያ የሚታየውን ነዋ የሚነግርሽ!»

ግላኮማ ነው አለን የዓይን ሐኪሙ። የግራው አልቋል። የቀኙም ከዳር ዳር እየጠበበ መጥቶ በመሐል ትንሽ ቀዳዳ ቀርታለች። እሷን ለማትረፍ ጠዋትና ማታ ጠብታ፣ ቀጥሎም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ያለዚያ በዓመት ውስጥ ትጨልማለች።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን ያህል እንደሚያይ ይለካ ተባለ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ነጭ ጎድጓዳ መሣሪያ ላይ አገጭን አስደግፎ፣ ብልጭታ ባዩ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ኔዚር አገጩን አስደገፈ፤ እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንዱ ብርሃን ብልጭ አለ። ሁለተኛው። በሦስተኛው «ተኚ!» ብሎ ጮኸና እኔን ከነወንበሬ ገልብጦ በላዬ ላይ ተኛ። ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ሸፍኖታል።

«ማዶ ሆነው ይተኩሳሉ! ቀና እንዳትዪ!»

ልቡ ጀርባዬ ላይ ሲደልቅ ይሰማኝ ነበር። በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ።

የዓይን ሐኪሙ «ረግቷል የሚል ወረቀት ከአእምሮ ሐኪሙ ያምጡ» አለኝ። የአእምሮ ሐኪሙ ደግሞ «ስለ ዓይኑ መጀመሪያ ከዚያ ያጽፉ» አለኝ። ሁለቱም ጨዋዎች ስለነበሩ የምሰድበው ሰው እንኳ አጣሁ። በመሐል ወራት ነጎዱ።

ጠብታውንም እንቢ አለ። ብልቃጧን ገና ሲያያት ዓይኑን በክንዱ ይሸፍናል። «የቃፊር ዓይን ማጥፋት የሚፈልግ ጠላት ብቻ ነው» ይለኛል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ያልሞከርኩት እውነቱን መናገር ብቻ ነበር። ፊቱ ተንበረከክሁ።

«ኔዚር፣ ልክ ነበርክ። ጭጋጉ እውነት ነው፤ ዓይንህ ውስጥ ነው ያለው። ያላመንኩህ እኔ ነኝ።»

በቀረችው ቀዳዳ ትክ ብሎ አየኝ። «ጭጋግ መኖሩን አየሽ?»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ እህቴ አንድ ቀን አየሁ ብላ አታውቅም።» ፊቱ ነጣ። «እህቴ አትዋሽም። አንቺ ማን ነሽ? ማን ላከሽ?»

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ከእጄ ውሃ እንኳ አልተቀበለም።

ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ የቀኙም ጨለመ። «ጭጋጉ ሁሉን ያዘ» አለ። አሁን መልኬን ማየት ስለማይችል በድምፄ አምኖኛል፤ እህቱ ነኝ። ጠብታውንም ባደርግለት እሺ ይላል። ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ አያስፈልግም ብሎኛል።

ቀኑን ሙሉ ኮረብታውን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ትናንት ምሳ ስንበላ የፕሪሙ ዛፍ በአንድ ሌሊት ነጭ ለብሶ አየሁት። አንዳች የሚያስደስተው ነገር ልንገረው ብዬ፣ ሞኝ ነኝና፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«ኔዚር፣ ፕሪሙ አበበ እኮ! ቅርንጫፉ መስኮቱ ድረስ ደርሷል።»

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ጠረጴዛውን እየዳበሰ እጄን አገኘና በዚያ በተቃጠለው መዳፉ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገኝ፤ በሽተኛ እንደሚያባብል ሰው።

«እኔ አይታየኝም፤ አንቺ ግን እንደሚታይሽ አምናለሁ» አለኝ። «በይ ሾርባሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

ጠጣሁ።