ድራም የሌለው ነጠላ ዜማ

የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊዋ ጎርናናውን የተቀየመችው በሁለት ቁራጭ ስፖንጅ የተነሳ ነው። ቂሙ ዓመታት አልፈውታል፤ እሷ ግን ትናንት የሆነ ያህል ነው የሚያንገበግባት።

ታናሽ ወንድሟ የሄቪ ሜታል ባንድ ድራመር ነበር። ሲመታ ግድግዳ ስለሚያንቀጠቅጥ መዶሻ ይሉታል። እሷም ወንበር ከምትሞላበት ስፖንጅ በጣት ጫፍ ልክ ቆርጣ የጆሮ መድፈኛ ሠራችለት። የባንዱ ዘፋኝ ጎርናናው ግን ልምምድ ላይ ስፖንጁን ከጆሮው መዝዞ፣ «አራስ ነህ እንዴ፣ ብርድ የምትፈራው?» ብሎ አሳቀበት። መዶሻ ከዚያ ወዲያ አላደረገውም። ጆሮው እየደከመ እየደከመ ሄዶ ዘንድሮ ጭራሽ ተዘጋ። ሐኪሙ ጩኸት ነው የጨረሰው አላት።

ባንዱ፣ «እስኪሻልህ እንጠብቅሃለን፤ ቦታህ ያንተው ነው» ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈለት። መዶሻም እሱን አምኖ፣ እህቱ ሱቅ ውስጥ ያረጀ የወንበር ልብስ እየፈታ ተቀመጠ። ከሥራ በኋላ መዳፉን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ የድሮ ዘፈኖቻቸውን በእጁ ይሰማል። የቀረችው ደስታ ያቺው ናት።

የባንዱ አዲስ ነጠላ ዜማ የወጣ ቀን እጁን ለጥፎ ጠበቀ። ስፒከሩን ፈትቶ ገጠመው። ደግሞ ለጠፈ።

«እትዬ» አለ፣ እንደ ወትሮው ሰፈር እስኪሰማ፣ «እጄም ሞተ።»

ከዚያ በኋላ ስፒከሩን አልነካም። መቀስም ከእጁ ይወድቅ ጀመር። ሁለት እጁን ጭኑ መሃል ቀብሮ ይውላል።

እሷ ዘፈኑን ሰምታዋለች። ጎርናናው ያን የበሬ ድምፁን ትቶ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ያንሾካሹካል፤ ከሥሩ ቀጭን ጊታር ይንጠባጠባል። ድራም የሚባል ነገር የለበትም። ሬዲዮ ላይ፣ «ጩኸቱ በቃን፤ ድምፃችንን ቀይረናል» ሲልም ሰምታለች።

ልምምድ ቤታቸው ሄደች።

«ና ራስህ ንገረው» አለችው።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ከባንዱ እንዳወጣችሁት ነዋ። እጁ የሞተ መስሎት ተቀምጧል።»

ጎርናናው የጊታሩን ክር እየወጠረ፣ «በተስፋ ቢኖር ምን አለበት? ብነግረው ይሰበራል» አለ።

«ያልተሰበረውን አሳየኝ እስቲ።»

«በቃ፣ ነገ እመጣለሁ።»

«ስትመጣ ጆሮህን ድፈን፤ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው።»

በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። እሷም ፈራ ተባ ስትል ሰነበተች። ብትነግረው ባንዱን ትቀማዋለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ደህና እጁን በቁሙ ይቀብራል።

አንድ ከሰዓት የሱቁን በር ዘጋች። እጁን ከጭኑ መሃል ጎትታ ስፒከሩ ላይ አስቀመጠችና አሮጌውን ዘፈን ከፈተች። ስፒከሩ ዘለለ። መዶሻ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ጣቶቹ ሳያዛቸው መምታት ጀመሩ። ፊቱ በራ። እዚያ ላይ ብታቆም ማን ይወቅሳታል። አላቆመችም። አዲሱን ከፈተች፤ መዳፉ ሥር ምንም የለም። ተመልሳ አሮጌውን፤ ደግሞ አዲሱን።

ጣቶቹ ቆሙ።

«ድራም የለውም?» አለ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መዳፉን ከስፒከሩ አንስታ ጉሮሮዋ ላይ አደረገችው። ከንፈሯንም እንዲያይ ወደ ብርሃኑ ዞረችና ቃሉን እየረገጠች ነገረችው።

«የለውም። አንተም የለህበትም።»