የታጠበው የቆርቆሮ ሥጋ

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ማኅሌት ላሊበላ ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሰሃን ታጥብ ነበር። ሀዋይ ከሚባል ደሴት የመጡ አንዲት አሮጊት የአገራቸውን መክሰስ እየደጋገሙ ሲያነሱ ሰምታ፣ በምታውቃት እንግሊዝኛ እሷ እንደምትሠራላቸው ነገረቻቸው። ሴትዮዋም ከሻንጣቸው አንድ ቆርቆሮ የበሬ ሥጋና እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር የባሕር ቅጠል ሰጧት። አሠራሩንም አስረዷት፤ ሩዝ ተቀቅሎ በእጅ ይጠፈጠፋል፣ የተጠበሰ የሥጋ ቁራጭ ይደረብበታል፣ በቅጠሉ እንደ መቀነት ይታሰራል። የማረፊያው ባለቤት አቶ ምስጋኑ፣ እንግዳዋ ከወደዱት ማኅሌትን ከሰሃን አጠባ አንስተው ምድጃው ላይ እንደሚያቆሟት ቃል ገቡ።

እናቷ ሰውነት ይህን ከሰማች ጀምሮ እፎይ አላለችም። ማኅሌት ቆርቆሮውን ቤት ወስዳ ከፍታ ሩዝ ልትገዛ ስትወጣ፣ ሰውነት አንስታ አገላበጠችው። ፊደል መቁጠር ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ግን አንድም የምታውቀው ፊደል የለም። ማን እንዳረደው፣ ማን እንደባረከው የሚነግራት አጣች። ሥጋው ደግሞ ነጭ ዝልግልግ ነገር ለብሷል። ሳያጥቡት ነው ያሸጉት አለች በሆዷ። ልጇ ያልጠራ ሥጋ ለእንግዳ አቅርባ ስትዋረድ ታያት።

ስለዚህ የፋሲካ ዶሮ እንደምታጥበው አድርጋ አጠበችው። ሎሚ ጨመቀችበት፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ውሃው ጥርት እስኪል አሸችው። በሦስተኛው ውሃ ላይ ሥጋው እጇ ላይ ፍርስርስ አለ።

ማኅሌት ስትመለስ እናቷ ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች።

"ምን አደረግሽው፣ እማ?"

"አጠብኩት።"

"የበሰለ እኮ ነው!"

"በማን እጅ እንደበሰለ በምን አውቄ፣ ዓለሜ?"

ሰውነት የልጇን ቁጣ ጠበቀች። ልጅቱ ግን ሩዙን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠችና እጆቿን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችላት። ሌላ ቆርቆሮ ከየትም እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰውነት ፍርፋሪውን ስታይ ቆየች። በዐቢይ ጾም የሽምብራ ዱቄት ለውሳ፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጣ ትጠብሳለች። ይኼስ ለምን እምቢ ይላል? ፍርፋሪውን ጨምቃ ከሽምብራ ዱቄትና ከደቀቀ ሽንኩርት ጋር ለወሰችው። የመጀመሪያው ቁራጭ መጥበሻው ላይ ተበተነ፤ ዱቄት ጨመረች። ሁለተኛው ያዘ። ማኅሌት እጇን ውሃ እየነከረች ሩዙን ጠፈጠፈች፣ አሰረች። ዘጠኝ ወጣው። ማኅሌት ቀመሰች፤ ሰውነት ግን ያልተባረከ እንደሆነስ ብላ አልደፈረችም፤ የልጇን ፊት እያየች፣ ጨው አነሰው ወይ፣ ደረቀ ወይ ስትል አመሸች።

በማግሥቱ ማረፊያው በር ድረስ ተከትላት ከድንጋይ አጥሩ ሥር ቆመች። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ማኅሌት ወጣች። እንግዳዋ፣ ይኼ የአገሬ አይደለም ቢሉም ሦስት መብላታቸውን ነገረቻት። አቶ ምስጋኑም ሰኞ ምድጃው ላይ እንድትጀምር ነግረዋታል።

ሰውነት ተመስገን አለች። ወዲያው ሌላ ሐሳብ ያዛት።

"ማጠቤንስ ለእንግዳዋ ነገርሻቸው?"

"ነገርኋቸው። ለልጃቸው ሊልኩላት አሠራሩን ሲጽፉ ማጠቡንም ጻፉት።"

ሰውነት ክንዷን ያዘቻት። "ሦስት ጊዜ እንደሆነስ ነገርሻቸው?"