ቀዩ ጠርዝ

«ክትባት ነው?» አሉኝ እትዬ ሀሊሜ። የማሽላቸውን ቅጠል በመርፌ ስወጋ አይተው ነው።

«አይ፣ እያቆሰልኩት ነው።»

«ያረቢ! ያለበት አንሶት?» እጄን ለቀም አደረጉኝ።

ቶሎ ማስረዳት አይሆንልኝም። ከሮቢት በእግሬ ስለመጣሁ ደክሞኛል። እሳቸውም ደክሟቸዋል፤ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ወዲህ ሦስተኛ ዘራቸው ነው፣ ሁለቱ ዝናብ አጥተው ቀርተዋል። አሁን ደግሞ ቅጠሉ ቀይ ነጠብጣብ አወጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ፣ በሽታው ወደ ኅብረት እርሻው እንዳይሻገር ማሳው በሙሉ ይነቀል ብሏል። ከግብርና ቢሮ የተላክሁት አይቼ እንድፈርም ነበር። ሦስት ቀን እንዲታገሠኝ ለመንኩት።

በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። በወጋሁት ጤነኛ ቅጠል ላይ፣ በቀዳዳዋ ዙሪያ ቀይ ክብ ወጥቶ እዚያው ቆሟል።

«ይሄ መርፌ እንጂ በሽታ አልነካውም» አልኳቸው። «ቀዩን ያወጣው ራሱ ተክሉ ነው። ሲቆስል፣ ዐይን በማያያቸው ሴሎቹ ግድግዳ ላይ ፕሮቲን ያከማቻል። ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠነክራል፤ በሽታው ሰብሮ እንዳያልፍ።»

«እንደ ጠባሳ?»

«እንደ ጠባሳ።»

«እኔ እኮ ቀዩን ሳይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት!»

በአብዛኛው ማሳ የበሽታው ነጠብጣብም እንዲሁ በቀይ ጠርዝ ታጥሮ ቆሟል። ሁሉም ግን እንደዚያ አልነበረም። በውሃ መውረጃው በኩል ባሉት አራት መስመሮች ነጠብጣቡ ጠርዝ የለውም፤ ተያይዞ ቅጠሉን እስከ አገዳው አድርቆታል። እነዚያ መከላከያቸው ዘግይቶባቸዋል። ይህንንም ነገርኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ደምሴ መጣ።

«እህ፣ ፈረምሽ?»

ወደ ማሽላው ዞርኩ። እትዬ ሀሊሜ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አብሽሪ፣ ተናገሪ እንጂ! ማሽላው እንደሆነ አፍ የለው።»

«አራቱ መስመር ይነቀል» አልኩ። «ሌላው ራሱን እየተከላከለ ነው፤ ይቆይ።»

«ቢዛመትስ?»

«እኔ እጠየቃለሁ።»

«ትጠየቂያለሽ!» አለ፤ አልሳቀም። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «ያልሽውን ጻፊና ስምሽን አኑሪበት።»

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩና ፈረምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን አራቱን መስመር ነቅለን አቃጠልን፤ የቀረውን ማሽላ እንደቆመ ተውነው።