ሎርና የላከችው ማስታወሻ

ሎርና ዋሲሊክ ልጆች ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እጃቸውን ለመታጠብ ሲሰለፉ ትቆጥራለች፤ ታጥበው ሲመለሱ ትቆጥራለች፤ ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ አንዴ ከዚህኛው፣ አንዴ ከዚያኛው የጠረጴዛ ጫፍ ጀምራ ትቆጥራለች። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሃያ ሦስት ናቸው። በዊሎው ቤንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምሳ ሰዓት ተቆጣጣሪ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጎድሎባት አያውቅም፤ እሷ ግን አታምነውም።

«ሚስ ሎርና፣ አሁን እኮ ቆጠርሽን» ይሏታል።

«ቀንሳችሁ ብትሆኑስ?» ትላቸዋለች፣ እየተራመደች። አትቀመጥም። የአንዱን ክዳን ትከፍታለች፣ የሌላዋን የጁስ እሽግ በመምጠጫው ትወጋለች፣ በአለርጂ ምክንያት የተከለከለውን ለውዝ ይዞ የመጣ እንዳለ ታያለች፣ አፉን ሞልቶ የሚያወራውን ታስቆማለች። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ ተኝተሽም ትሮጫለሽ» ይላት ነበር።

ከገና እረፍት መልስ ርእሰ መምህሯ ካሪን ያልማርሰን አዲስ አሠራር አመጣች። ሰኞ ሰኞ ተቆጣጣሪዋ የልጆቹን ምሳ ዕቃ አይታ ለወላጅ ቢጫ ወረቀት ትልካለች። አትክልት አለ፣ የለም፤ ፍራፍሬ አለ፣ የለም፤ ስኳር የበዛበት፤ በዘይት የተጠበሰ። ከሥር ደግሞ መልእክት የሚጻፍበት አንድ ባዶ መስመር አለ። ሎርና መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም፤ የሰው ጓዳ እንደ መግባት ሆነባት። በሁለተኛው ሳምንት ግን እጇ ለመደው። ምልክት አድርጎ፣ አጥፎ፣ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው።

ዴልፊን ላፎንድ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እግሯን እያወዛወዘች ስለምታወራ የምትጨርሰው ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ምሳዋ አንድ ዓይነት ነው፦ ባኖክ፣ በስብ የተጠበሰ ወፍራም ዳቦ፣ መሐሉ ላይ የፍራፍሬ ማርማላታ የተቀባ። በመጀመሪያው ሰኞ ሎርና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገች። በሁለተኛውም አደረገች። በሦስተኛው ሰኞ አንድ ልጅ አስመለሰው፣ የሌላው ሾርባ ተደፍቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ እሷም በአንድ እጇ መወልወያ ይዛ በሌላው ስትጽፍ የዴልፊን ዕቃ ውስጥ ያንኑ ዳቦ አየች። ባዶው መስመር ላይ «እባክዎ እውነተኛ ምግብ ይላኩ» ብላ ጻፈች። አጥፋ ከተተችው። ማታ ቤቷ ስትደርስ ጭራሽ ረስታዋለች።

ከዚያ ወዲህ ዴልፊን ባዶ እጇን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥ ጀመር።

«ምሳሽስ?»

«በላሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም።» ቀጥላም እጇን ታወጣለች። «ሚስ ሎርና፣ ሽንት ቤት።»

ትሄዳለች፤ ትቆያለች። ሎርና ሁለት ቀን ሰዓቷን አይታ አሥራ አምስት ደቂቃ መቆየቷን ልብ ብላለች። ለክፍል አስተማሪዋ ልንገራት ብላ አሰበች፤ ሌላ ልጅ ጠራት፤ ሳትነግራት ቀረች።

ሐሙስ ዕለት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ዲግሪ ነበር። ልጆቹ በልተው ሳይጨርሱ የእሳት ደወሉ ጮኸ። ለልምምድ ቢሆን ኖሮ በዚህ ብርድ አይደወልም፤ ሎርና ያን ታውቃለች። «ተነሱ፣ ምንም እንዳትይዙ፣ ተሰለፉ» አለች። ካፖርታቸው የተሰቀለው በሌላው ኮሪደር ስለሆነ በሹራባቸው ወጡ። መንገዱን ተሻግረው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እስኪገቡ ድረስ ትንንሾቹ እየተንቀጠቀጡ ይስቁ ነበር፤ አንድ ሁለቱ አለቀሱ።

አዳራሹ ውስጥ ቆጠረች። ሃያ ሁለት። ከሌላው ጫፍ ጀመረች። ሃያ ሁለት።

«ማነው የሌለው? እርስ በርስ ተያዩ እስቲ።»

ኤሚል የሚባለው ቀጭን ልጅ አንገቱን አሰገገ። «ዴልፊን የለችም። ሽንት ቤት ሄዳለች። ሁልጊዜ ትሄዳለች እኮ።»

ሎርና ወደ በሩ ሮጠች። ካሪን የመገናኛ ሬዲዮ በእጇ ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች።

«አንድ ልጅ ቀርታለች። ዴልፊን። ሽንት ቤት ናት።»

«እሳት አደጋዎች አራት ደቂቃ ቀርቷቸዋል፤ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ልግባ፣ አንድ ደቂቃ ነው።»

«ማንም አይገባም ሎርና። ይህን ለአዲሶቹ ሠራተኞች የምታስረጂው ራስሽ አይደለሽ?»

«ነኝ» አለች ሎርና። የስም ዝርዝሩን ለሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ ሰጠቻት። ካሪን ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠግታ ፊቷን ስታዞር፣ ሎርና መንገዱን ተሻገረች።

ኮሪደሩ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። በመምህራን ማረፊያ በኩል ግራጫ ጭስ ጣሪያውን ተከትሎ ይሳብ ነበር። የደወሉ ጩኸት ጆሮ ይሰነጥቃል። ሽንት ቤት ገብታ ጎንበስ አለችና ከየበሩ ሥር እግር ፈለገች። የለም። «ዴልፊን!» ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። ክፍላቸው ገባች፤ የለችም። ካፖርት መስቀያው ሥር አየች፤ ቦት ጫማዋ አለ፣ ልጅቷ የለችም። አምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ጀመር። ቆም አለች። አንዲት ልጅ ሰው እንዳያያት ብትፈልግ የት ትገባለች?

ወደ ስፖርት አዳራሹ ሮጠች። የመለማመጃ ፍራሾች የሚቀመጡበት የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ዴልፊን ሁለት ፍራሾች መሐል፣ ምሳ ዕቃዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። አፏ ዳር ቀይ ማርማላታ ነበር።

ሎርና ተንበረከከች። «ደወሉ አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም?»

«እሳት ሲሆን ምንም ይዛችሁ አትውጡ ብለሻል።» ልጅቷ ዕቃውን አጥብቃ ያዘች። «እዚህ ከተውኩት ደግሞ ታገኚዋለሽ።»

ሎርና ነገሩ እስኪገባት ድረስ ጊዜ ወሰደባት። «ዳቦውን ነው?»

ዴልፊን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሎርና ዕቃውን ወስዳ ከሹራቧ ሥር ወሸቀችው። ልጅቷን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት። የስፖርት አዳራሹ የአደጋ መውጫ ወደ ጓሮ ነው፤ በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል። ዴልፊን ክብደቷ ቀላል አልነበረም። ሎርና እየሰመጠች፣ እያቃሰተች፣ ምን ብላ እንደጻፈች ለማስታወስ እየሞከረች ሄደች። ሲመጣላት እርምጃዋን ልትስት ነበር።

የእሳት አደጋ መኪናው ከፊት ለፊት ሲቆም እነሱ በአጥሩ ዙሪያ መጡ። የጭሱ መነሻ አንድ መምህር ማይክሮዌቭ ውስጥ ረስቶት የሄደ ፋንዲሻ ነበር። ማይክሮዌቩና ከላዩ ያለው ቁምሳጥን ተቃጥለዋል፤ ሌላ የተጎዳ የለም።

ካሪን አልጮኸችባትም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማዕድ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረቻት። «አንድ ሰው ነበር የጠፋብኝ፤ ሁለት አደረግሽው። እነዚያ ሰዎች ሲደርሱ ስንት ሰው ውስጥ አለ ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልመልስ?»

«ልክ ነሽ።»

«ለበላይ መጻፍ አለብኝ። ሁለት ሳምንት ቤትሽ ትቆያለሽ፤ ደሞዝ የለውም።»

«እሺ።» ሎርና ቆማ መቆየት አቅቷት ያልቆሸሸውን መታጠቢያ በጨርቅ ታብስ ነበር።

ወላጆች እየመጡ ልጆቻቸውን ወሰዱ። የዴልፊን አባት ጋርኔት የመጣው የከተማውን በረዶ መጥረጊያ መኪና እየነዳ ነው፤ ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ገባ። ልጁን አንስቶ አቀፋት፣ አስቀመጣት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየ።

«እርስዎ ነዎት ያወጧት?»

«አዎ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።» ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪ ነበር እዚያ?»

ዴልፊን ጫማዋን አየች፤ ቀጥላ ሎርናን አየቻት።

«በእኔ ምክንያት ነው» አለች ሎርና። «ምሳዋን ተደብቃ እየበላች ነበር። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን? ‹እውነተኛ ምግብ› የሚለውን?»

«አዎ።»

ሰውየው ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። «እናቷ ሰሜን፣ ማዕድን ማውጫው ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ሦስት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ። ከመሄዷ በፊት ባኖኩን ጠብሳ ፍሪዘሩን ትሞላለች። ይቺ ልጅ ደግሞ እናቷ የሠራችውን ካልሆነ ምሳ ይዛ አትወጣም። ካሮቱን እኔ ማታ ማታ አበላታለሁ፤ ወረቀታችሁ ስለ ማታ አይጠይቅም። ለመቶ ሃያ ሰው የምታበስል ሴት ናት፣ እናቷ። ያን ጽሑፍ ምን ብዬ ላሳያት?»

«አላሳየኋትም በለኛ።»

«አላሳየኋትም፤ ቀድጄ ጣልኩት። ግን ልጅቷ ማንበብ ትችላለች። እናንተው አይደላችሁ ያስተማራችኋት?»

ሎርና ጎንበስ ብላ ከዴልፊን ፊት ለፊት ሆነች። «የጻፍኩት ነገር ትክክል አልነበረም። ዳቦሽ ምግብ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ዴልፊን አየቻት። «ምሳ ዕቃዬን» አለች።

ሎርና እስካሁን ከሹራቧ ሥር ይዛው ነበር። አውጥታ ሰጠቻት። አባትና ልጅ ወጡ፤ ትልቁ መኪና ተንደቅድቆ ተነሳ።

ሁለቱን ሳምንት ሎርና ቤቷ ውስጥ ተንቆራጠጠች። ቁምሳጥኖቹን አውጥታ አጠበች፤ የታጠበውን መጋረጃ እንደገና አጠበች። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እግሯ በራሱ ወደ በሩ ይሄዳል። አንድ ቀን መኪናዋን አስነስታ ትምህርት ቤቱ አጠገብ አቆመችና በአጥሩ መሐል የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ትፈልግ ጀመር። ቆቡ ሁሉ አንድ ስለሆነ ልትለያቸው አልቻለችም። አንዲት እናት በመኪናዋ መስኮት ስታያት አፈረችና ነድታ ሄደች። ማታ ማታ ያን አንድ መስመር በልቧ መልሳ ትጽፈዋለች፤ በሌላ ቃል፣ በለሰለሰ ቃል። የቱም አልጣማትም። ጨርሶ ባይጻፍ ነው የሚሻለው።

በተመለሰች ቀን ሎርና ወደ ካሪን ቢሮ ገባች። «ልጆቹን እጠብቃለሁ፤ ክዳን እከፍታለሁ፤ ለውዝ እለያለሁ። ወረቀቱን ግን አልጽፍም።»

«ሎርና፣ የወላጆች ኮሚቴ ነው የጠየቀው። ከግማሽ በላዩ ልጅ ቺፕስ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ አሁን ፖም እያየን ነው። አንቺስ አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሌላ ሰው ይጻፈው።»

ካሪን እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለች ቆየች። በሚቀጥለው ሰኞ ወረቀቱን የጻፈችው የክፍል አስተማሪዋ ናት። ከሥር የነበረው ባዶ መስመር ግን ከወረቀቱ ጠፍቷል፤ ማን እንዳስወጣው ለሎርና የነገራት የለም። የቀረው አሠራር እስከ ፀደይ ድረስ እንደዚያው ቀጠለ።

ዴልፊን ጠረጴዛው ላይ መብላት ጀመረች። መጀመሪያ ዳቦውን ከጠረጴዛው ሥር ይዛ፣ በኋላ ከላይ አድርጋ። ከሎርና ጋር ግን አልታረቀችም። የጁሷ ክዳን ሲጠብቅባት ኤሚልን ትጠራለች፤ ሎርና እጇን ዘርግታ ብትመጣ እንኳ «ኤሚል ይከፍትልኛል» ትላለች። ኤሚል ደግሞ ክዳን መክፈት አይችልም፤ በጥርሱ ይታገለዋል። ሎርና እያየች መተው ነበረባት። መተው አልለመደችምና ወደ ሌላው ጫፍ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች።

በመጋቢት አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ፣ አንዲት ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት የምግብ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ዴልፊን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ሴትየዋ ክንዷ ላይ አሮጌ የዘይት ጠባሳ አለ።

«ሮክሳን ነኝ፣ የዴልፊን እናት። ልጄን ፍለጋ የገቡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጋርኔት በመጨረሻ ነገረኝ።» ሮክሳን በዓይኗ ልጇን ፈለገች። «በጣም ተናድጄ ነበር። በስልክ የሰደብኩትን ስድብ እሱ ነው የሚያውቀው፤ ለእርስዎ የተዘጋጀውን እሱ ጠጣው።»

«ለእኔ ቢደርሰኝ ይሻል ነበር።»

«አሁንማ አልቋል።»

ጎን ለጎን ቆሙ። ዴልፊን እናቷን ገና አላየቻትም።

«ፖም ጨምሬላት ነበር» አለች ሮክሳን። «ትበላዋለች?»

«በኤሚል አይብ ትለውጠዋለች።»

«ምግብ መለዋወጥ ክልክል አይደለም እንዴ?»

«ክልክል ነው።»

ዴልፊን ፖሙን በጠረጴዛው ላይ አንከባለለችለት፤ ኤሚል አይቡን ሰጣት። ሮክሳን ሎርናን በጎን አየቻት። ሎርና እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር።

«ትጨርስ» አለች ሮክሳን። «ሐኪሙ ትንሽ ይጠብቀን።»